የውርጭ መድኃኒት ፍለጋ ወደ ጅቡቲ

መነሻ

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ጅቡቲ ሄድኩ። የሄድኩት የውርጭ መድኃኒት ፍለጋ ነው። ይህን ሲያነብ የሚስቅ ቢኖር አልቀየመውም። ከቤቴ ደጃፍ እስከ ቀይ ባሕር ድረስ ያልሳቀብኝ ሰው አላገኘሁም። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ፣ ጆሯቸው የከበደ አንድ አዛውንት ብቻ ነገሩን ሕመም መስሏቸው "እግዜር ይማርሽ" ብለውኛል።

ባለቤቴ በላቸው ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያ እየጫነ ወደ ደጋ ሲያመላልስ ኖረ። ጡረታ ሲወጣ፣ "ጅቡቲ አብስላኛለች፤ ከእንግዲህ የምኖረው ብርድ ከሚወድ ነገር ጋር ነው" አለና ጓሯችን ውስጥ ስድስት የፖም ዛፎች ተከለ። እኛ ሰፈር ውርጭ በወረደ ጠዋት የጎረቤት ባቄላ እንደተቀቀለ ጎመን ይጠቁራል። የበላቸው ፖሞች ግን ሁልጊዜ ይተርፉ ነበር። ምስጢሩን ለሚጠይቀው ሰው፣ ሐጂ የሱፍ የሚባል የጅቡቲ ወዳጁ በየዓመቱ የሚልክለትን ቀይ ጨው የመሰለ ማዳበሪያ እፍኝ አድርጎ ያሳያል። "ይሄ ነው ጋቢያቸው" ይላል።

በላቸው በሐምሌ ሞተ። በኅዳር ውርጭ ወረደና ስድስቱንም ዛፎች መታቸው። ቅጠላቸው ሻይ ውስጥ የወደቀ ወረቀት መሰለ። እኔም በልቤ፣ ጋቢያቸውን የሚያለብሳቸው ጠፋ አልኩ።

የባሌ ታናሽ ወንድም ደምሴ መጥቶ ዛፎቹን ዞር ዞር ብሎ አየ። "እትዬ አስካለ፣ አለቀ። ከወንድሜ ጋር ሄደዋል። ቆርጠን በቦታው የሚከራይ ክፍል እንሥራልሽ" አለኝ። ደምሴ ክፉ ሰው አይደለም። ባዶ ቦታ ሲያይ ግን ክፍል ነው የሚታየው። አንድ ጊዜ የመቃብር ስፍራችንን እያየ "ደህና ክፍል ይወጣው ነበር" ሲል ሰምቼዋለሁ። ጾም ከመግባቱ በፊት ልቁረጥ አለ። ጅቡቲ ደርሼ እስክመለስ ታገሰኝ ብዬ ለመንኩት። የሐጂ የሱፍ ስልክ አይነሳም፤ በሰው መላክ ደግሞ እህል ለመግዛት ዓይነ ስውር እንደ መላክ ነው። ከበላቸው ጋር ለኢየሩሳሌም ብለን ያወጣነው ፓስፖርት ነበረኝ። ለቅድስት አገር የወጣ ፓስፖርት ለማዳበሪያ መንገድ ጀመረ።

ባቡር ላይ

አዲስ አበባ አድሬ በማለዳ ለቡ ጣቢያ ተሳፈርኩ። ባቡሩ ንጹሕ ነው፤ ወንበሩ ግን ቀጥ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ሰው ሁሉ ተግሣጽ እንደሚሰማ ተማሪ ተደርድሮ ይሄዳል። ከአዳማ በኋላ ጋቢዬን አወለቅኩ። አዋሽን ስናልፍ ሹራቤን። ድሬዳዋ ስንደርስ የሚወልቅ ነገር አልቀረኝም፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሐዘን ለብሼ ተቀመጥኩ። ጣቢያው ላይ የሸጡልኝ ብርቱካን ጣፋጭ ነበር። ሁለተኛውን ስልጥ "በላቸው፣ እንካ" ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት።

በመስኮቱ በኩል ከባድ መኪናዎች ይታያሉ፤ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ጭነታቸው በሸራ ተሸፍኖ ወደ ላይ ወደ ደጋው ይጎተታሉ። እያንዳንዱን ሾፌር ለማየት አንገቴን ሰገግኩ። ለምን እንደምሰግ አውቃለሁ። ግን አንገት አይመከርም።

ድንበሩ ላይ ደወሌ ወረድንና ወደ ፍተሻ ተሰለፍን። የተመታውን ፖም አንድ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በላስቲክ ይዤ ነበር፤ ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት አያዝም ብዬ። በዚያ መንገድ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚሄድ ቅጠል ጫት ብቻ መሆኑን አላሰብኩም። ፈታሹ ገና ሲያየው ፊቱ ፈካ፤ ፈትቶ ሲያየው ጨለመ።

"እማማ፣ ይሄ ጫት ከሆነ ገዢው ያሳዝነኛል" አለ።

"ፖም ነው ልጄ። ውርጭ መቶት ነው።"

"እና ወዴት ይወስዱታል?"

"ጅቡቲ። መድኃኒት ልፈልግለት።"

ባልደረባውን ጠራው። "ና፣ ና ስማ! ውርጭ ጅቡቲ ሊታከም ነው!" ሁለቱም ተራ በተራ ቅርንጫፉን አገላበጡ። በመጨረሻ ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም መትቶ መለሰልኝ። "ውርጭ ካገኙ ለእኛም ይዘው ይምጡ፤ እዚህ በበርሜል እንገዛለን" አለ።

ካርቲየ 3

ጅቡቲ፣ ናጋድ ጣቢያ ስንወርድ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ሙቀቱ ግን ፊቴ ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ ተለጠፈ። የተሳፈርኩበት ታክሲ ሾፌር አማርኛ ያውቃል። ወፍራም ጃኬት ለብሶ ዚፑን እስከ አገጩ ዘግቷል። አሞህ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

"ብርዱ ነዋ!" አለ። "ጥር እኮ ነው። ዘንድሮስ ጨረሰን።"

ላቤን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩ። በሰው አገር ብርድ ላይ መከራከር ነውር ነው።

ከበላቸው ወሬ የያዝኩት አድራሻ "ካርቲየ 3፣ ሰማያዊ በር ያለው ሱቅ" የሚል ነው። ካርቲየ 3 ጠባብ መንገዶች ያሉት፣ ሱቅ በሱቅ ላይ የተደራረበበት አሮጌ ሰፈር ነው። የሰማያዊ በር ችግርም የለበትም። የመጀመሪያው ሰማያዊ በር የልብስ ሰፊ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለተኛው ሞባይል ጠጋኝ፤ ሦስተኛው በፈረንሳይኛ አባረረኝ። በመጨረሻ ሳምቡሳ የምትጠብስ ሶማሌ ሴት የሐጂን ስም ስትሰማ፣ መጥበሻዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። በሩ አረንጓዴ ነበር። በላቸው ከሞተ ወዲህ ልቆጣው የፈለግኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሐጂ የሱፍ የሐረር ሰው ነው፤ ቅመምና ሩዝ ይሸጣል። የበላቸውን ሞት ስነግረው ሚዛኑን እንደያዘ ቆመ። ሚስቱ ሐሊማ ከጓዳ ወጥታ እያለቀሰች አቀፈችኝ። ወዲያውም ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"አንቺ! በዚህ ሙቀት ጥቁር ለብሰሽ፣ ልትከተዪው ነው እንዴ?"

ሐሊማ ያደገችው ድሬዳዋ ነው፤ ድሬዎች ደግሞ ሽማግሌ፣ ሹም፣ እንግዳ አይሉም፤ ሁሉም "አንተ" እና "አንቺ" ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ሰው ሁሉ እንደሚሰበር ሸክላ በሁለት እጁ ሲይዘኝ ከርሟል፤ እንደዚህ ተቆጥቶ የተናገረኝ የለም። ደስ አለኝ። ድሪዕ የሚሉትን ስስ፣ ሰፊ ነጭ ቀሚስ አወጣችልኝ፤ በሶማሌዎች ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት የምትለብሰው ነጭ ነው፣ ማንም አያማሽም አለችኝ። ለበስኩት። ነፋስ ገባኝ።

ለእራት በምጣድ የተጠበሰ ዓሣና ሩዝ አቀረቡልኝ። የቀረበው ዓሣ በሙሉ ዓይኑ ያየኛል፤ ዓይኑን በዳቦ ሸፍኜ በላሁ። በወሬ መካከል ሐጂ፣ "በላቸው ጡረታ ከወጣ በኋላም ሊጠይቀን ይመጣ ነበር፤ በመጣ ቁጥር ፖም ያመጣልናል፤ በካልሲ ጠቅልሎ፣ እንዳይጎዳ" አለ።

"ጣፋጭ ነበር?" አልኩ፤ በሰው ቤት የማይጠየቅ ጥያቄ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

ሐጂ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ፖም... አላህ የፈጠረው..."

"ኮምጣጣ ነበር!" አለች ሐሊማ። "አላህ ይማረው፣ እሱ ፊታችን ተቀምጦ እያየን፣ ዓይናችን እያነባ ነው የምንበላው! አንድ ጊዜ 'ሌላ ልጨምርላችሁ?' ሲል የሱፍ ሐሞቴ ታመመ ብሎ ተኛ!"

እኔም ለዓመታት ያንን ፖም ፊቴን ሳላጨማድድ ስበላ ነው የኖርኩት። "ማር ነው" እለው ነበር። ይህን ስነግራቸው ሦስታችንም ማዕዱን ትተን ሳቅን። ሳቁ መሐል ላይ የእኔ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ ሐሊማ "አልቅሺ፣ አልቅሺ" እያለች ዓሣዬን እሾሁን ታወጣልኝ ጀመር።

ነፃ ቀጠናው

ሐጂ ያንን ቀይ ማዳበሪያ ያገኝ የነበረው ከልጁ ከፈቲያ ነው። ፈቲያ ኢትዮጵያ ግብርና ተምራ ተመልሳለች፤ አሁን ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ማዳበሪያ የሚያከማች መጋዘን ኃላፊ ናት። በማግስቱ እሑድ ነበር፤ እዚያ አገር እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ይዛኝ ሄደች። ሚኒባሱ በባልባላ በኩል ነው የሚወጣው። ባልባላ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የተደገፈበት ሰፊ ሰፈር ነው፤ ሰዉ በጠዋቱ ለቀን ሥራ እየተሯሯጠ ይወርዳል። በመንገዱ ዳር የእኛ አገር ወጣቶች ትንንሽ ላስቲክ አንጠልጥለው፣ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገሩ ወደ ባሕሩ በእግር ይሄዳሉ።

መጋዘኑ ቤተ ክርስቲያን ያህላል፤ ጆንያ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። በላቸው ዕድሜውን የጫነው ይህንን ነው። በእጄ ነካ አደረግኩት።

"ዛፍ አጥንቼ ጆንያ እጠብቃለሁ" አለች ፈቲያ። "እዚህ ቀጠና ውስጥ ያለው አንድ ዛፍ ነው፤ እሱም ፕላስቲክ ነው። አምጪ፣ በሽተኛውን ልየው።"

ቅርንጫፉን ዘረጋሁላት። በቢላዋ ልጣጩን ፋቅ ፋቅ አደረገች። በጣቷ ከአንዱ እንቡጥ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት ለካች። ፊቷ ተለወጠ።

"መጨረሻ ማዳበሪያ የሰጠሻቸው መቼ ነው?"

"እኔ? ምንም አልሰጠኋቸውም። ጨዉም አልቆ ነበር። ለዚህ አይደል የመጣሁት?"

"ጨዉን ተዪው። ያግዛል እንጂ ብቻውን ብርድ አይመልስም። ይሄ ቅርንጫፍ የበቀለው ዘግይቶ ነው፤ ነሐሴ፣ መስከረም። እንዲህ ረዝሞ፣ እንዲህ ለስልሶ ያለ ዩሪያ አይወጣም። ዩሪያ ለዛፍ 'እደግ' ማለት ነው። ክረምት ሲገባ እደግ ብትይው ጥሩ። ክረምት ሊወጣ ሲል ስትይው ግን ለስላሳ፣ ውኃ የሞላው ቅርንጫፍ ያወጣል። ውርጭ ሲመጣ ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ይሆንና ይገድለዋል። ዛፍ ለብርድ የሚጠነክረው ማደጉን ሲያቆም ነው። እነዚህን ማቆም የከለከላቸው አለ።"

"ማን?"

"እኔ ምን አውቄ። ጠላት አለሽ?"

አሰብኩ። "ጠላት የለኝም" አልኳት። "ያለኝ ዕድር ነው።"

ስልኩ

ያን ዕለት የዕድራችን ስብሰባ ቀን ነበር። ዳኛችን አቶ ሽፈራው ጋ ደወልኩ። ፈቲያ እንድትሰማ ድምፁን ከፈትኩት፤ ጆንያ ተሸካሚዎቹም ሥራቸውን አቁመው ሰሙ።

"አስካለ! ደረስሽ? ቀለጥሽ ወይስ አለሽ?"

"አለሁ። ሽፈራው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በነሐሴ ከዛፎቼ ሥር ዩሪያ ያደረገ ሰው ታውቃለህ?"

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"ማን ነገረሽ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ሽፈራው!"

"አንዲት ጣሳ ብትሆን ነው! ልጠይቅሽ ስመጣ፣ ሐዘን ቤት ባዶ እጅ ይገባል? ሴቶቹ እንጀራውን፣ ንፍሮውን ይዘው ይመጣሉ። እኔ ወንድ ልጅ ምን ልያዝ? ለገብሴ ከገዛሁት ቀነስኩና በጓሮ በኩል ሳልፍ በተን አደረግኩ። ለነፍሱ ብዬ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አትወቅ ይል የለ እንዴ ወንጌሉ!"

ከኋላው የጎረቤቴ የእትዬ ይርገዱ ድምፅ ተሰማ። "ሽፈራው! አንተም?"

"'አንተም' ማለት ምን ማለት ነው?" አለ ሽፈራው።

ከዚያ በኋላ ስልኩ የንስሐ ቤት ሆነ። ይርገዱ አንድ ሳሕን። ባሏ፣ ሚስቱ ማድረጓን ሳያውቅ፣ ሌላ ሳሕን። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው፣ "እኔስ ለሦስት ቅዳሜ ብቻ ነው።" የነፍስ አባቴም ተጠየቁ።

"እኔ ጸበል ነው የረጨሁት" አሉ ቄሱ።

"ጸበል ብቻ ነው አባ?" አለ አንዱ።

"...ከጸበሉ ጋር በጥቂቱ።"

ፈቲያ አፏን በእጇ ይዛ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አማርኛ የሚያውቀው ተሸካሚ ለሌሎቹ በሶማሊኛ ይተረጉማል፤ መጋዘኑ በየተራው በሳቅ ይፈነዳል። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሁሉም ከገብሱ ቀንሶ፣ ሁሉም ተደብቆ ነው የሰጠው። ማንም ስለ ማንም አያውቅም። በለቅሶ ደራሽ ብዛት ዛፎቼ ታመሙ።

"ደምሴን አገናኙኝ" አልኩ። "እኔ እስክደርስ እንዳይነካቸው።"

"ደምሴ የለም" አለ ሽፈራው። "መጋዝ አስሎ ወደ አንቺ ቤት ሄዷል። ስትመጪ አይተሽ እንዳታዝኚ፣ ሳትመለስ ልጨርስላት ብሎ።"

"አስቁሙት!"

"የወንድሙን ዛፍ አትቁረጥ በምን አፋችን እንለዋለን?"

"ዩሪያ በበተነ እጃችሁ ያዙት!" ብዬ ጮህኩ። ወንበር ሲገፋ፣ ሰው ሲሯሯጥ ተሰማ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትተውት ሄደው ኖሮ፣ ለረጅም ጊዜ ያዳመጥኩት የዕድራችንን ባዶ አዳራሽ ነው።

ፈቲያ ቅርንጫፉን ገልብጣ የተቆረጠበትን ጫፍ አሳየችኝ። እዚያ ጋ ከልጣጩ ሥር ቀጭን አረንጓዴ መስመር ነበር። "የሞተው ጫፉ ነው። ሄደሽ ግንዱን ፋቂ። አረንጓዴ ከሆነ ይኖራል። የሞተውን ጫፍ ውርጩ እስኪያልፍ አትቁረጪ። ከሰኔ መጀመሪያ በፊት ምንም፣ ከሐምሌ በኋላም ምንም ማዳበሪያ አትስጪ።"

"እንዲራብ ልተወው?"

"አይደለም፤ የተራበ ዛፍም ውርጭ ይጥለዋል። ጾም በይው። ረመዳንም ጾም ነው እንጂ ረሃብ አይደለም።"

ማምሻውን ሽፈራው ደወለ። ደርሰውበታል። መጋዙን አስቀምጦ ከዛፉ ሥር ተቀምጧል፤ የዩሪያውን ነገር ከነገሩት ጊዜ ጀምሮ ግን አይናገርም፣ አይነሳም። "ቆርጧል ወይ?" አልኩ። "አንድ ቅርንጫፍ" አለ።

መመለስ

ባቡር በየቀኑ የለም፤ በሚቀጥለው ተሳፈርኩ። ሐጂ አንዲት ትንሽ ከረጢት ቀይ ማዳበሪያ ሰጠኝ፤ ሐሊማ ነጩን ልብስ አላስመልስም ብላ ተጣላችኝ። ደወሌ ላይ ያው ፈታሽ አወቀኝ።

"እማማ! መድኃኒቱ ተገኘ?"

"ተገኘ።"

"የት?"

"ደብረ ብርሃን።"

ደብረ ብርሃን ስገባ ነጩ ድሪዕ በጋቢዬ ሥር ነበር። ደምሴ ጓሮ አገኘሁት፤ መጋዙ አጠገቡ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ቀና ብሎ አላየኝም።

"እትዬ" አለ፣ "እኔ አንድ ቁና ነው ያደረግኩት።"

"ምን?"

"ዩሪያ። ሰው ሁሉ በጣሳ፣ በሳሕን ይላል። እኔ ወንድሙ ነኝ፤ ቁና ሙሉ በተንኩ። በዝናብ፣ ሰው ሳያየኝ። የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ደግሞ መጋዝ ይዤ መጣሁ።" ይህ ክፍል ብቻ የሚታየው ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"ተነስ፣ ቢላዋ አምጣ" አልኩት።

የመጀመሪያውን ግንድ ራሱ ፋቀ። ቡናማ ወጣ፤ ዝቅ ብሎ እስከ አፈሩ ፋቀ፣ ያው ቡናማ ነው። ቢላዋውን ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋ፤ አልተቀበልኩትም። ሁለተኛውን ፋቀ። አረንጓዴ፣ እርጥብ፣ የዶቃ ያህል የሚያበራ። ሦስተኛው አረንጓዴ። እያነባ፣ እየሳቀ፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሮጠ። ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም በሕይወት አሉ። ስለ ክፍሉ አንዳችም አላነሳም፤ የሞተውን ዛፍ ቦታ ግን በእርምጃ ሲለካ አይቼዋለሁ።

ከዚህ መንገድ የተማርኩትን እንድጽፍ ይጠበቅብኛል። ፍቅር ወቅት አለው። ሲያበሉት መዋል ሁሉ መውደድ አይደለም፤ ዛፍም ሰውም ብርዱን የሚችለው ትንሽ ሲተዉት ነው። እኔም ከሐምሌ ጀምሮ "ብዪ፣ ተጫወቺ፣ አይዞሽ" ሲበተንብኝ ከርሞ ጸጥ ብዬ መጠንከር አልቻልኩም ነበር።

በማግስቱ ዕድሩ ይቅርታ ሊጠይቀኝ መጣ። ይርገዱ በቅርጫት አመድ ይዛለች። ባለ ወፍጮው የበሰበሰ ፍግ በጆንያ አሸክሟል። ቄሱ ጸበል በጀሪካን ይዘዋል። ሽፈራው ወተት አምጥቷል፤ ለእኔ ነው ወይስ ለዛፉ ብዬ ስጠይቀው "ለሁለታችሁም" አለ። በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ውጭ አስቀመጥኩት።

"ባዶ እጃችሁን ከሆነ ግቡ" አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። እንደዚያ ተጨንቆ ሰው ቤት የገባ ሰው አይቼ አላውቅም። ከዛፎቹ ሥር አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ሽፈራው እጆቹ ቸገሩት፤ ኪሱ ከተታቸው፣ አወጣቸው፣ ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው፣ እንደ ሰው ዕቃ አያቸው። ማንም ምንም አልሰጠኝም፤ ማንም አይዞሽ አላለኝም። እንዲያው ዝም ብለን ተቀመጥን።

"አስካለ" አለ ሽፈራው ብዙ ከቆየን በኋላ፣ "እንዲህ ምንም ሳናደርግ እስከ መቼ ነው?"

"እስከ ሰኔ" አልኩት።